ለእንቅልፋሙ ቁጥቋጦ ስለታዘዘው አንድ ጆንያ ማዳበሪያ

ለተከበሩ የመናፈሻዎችና የአደባባዮች ውበት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በየማለዳው ከመስኮትዎ ሥር የሚታጠበው መኪናዎ በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቀኝ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከሚያማርረኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ይህም ስለ እርስዎ ጤንነት ተንበርክኬ ከመጸለይ ብዛት የመጣ መሆኑን ለሐኪሜ ነግሬዋለሁ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከአደባባዩ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት የምጠግነው ሽማግሌ ነኝ። እርስዎንም፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩትን አራት ኃላፊዎችም በዚያው መስኮት በኩል ሳይ ኖሬአለሁ። ከዚህም ሌላ በመምሪያዎ ውስጥ በአትክልተኝነት የምትሠራው፣ ባለፈው ወር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የጻፉላት ልጅ አጎት ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ናት። ይህን ደብዳቤ መጻፌን እሷ አታውቅም። በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም ስታገኘው ቀድዳ እንዳትጥለው ብዬ ነው።

ጉዳዩ ከሁለታችን መስኮቶች መሃል፣ በአደባባዩ ላይ የቆመውን ቁጥቋጦ ይመለከታል። የሰፈሩ ሰው እንቅልፋሙ ይለዋል። ብርዱ ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ፣ ያረጀ መጥረጊያ ተዘቅዝቆ የተተከለ መስሎ፣ ሦስት ወር ሙሉ ይተኛል። ሙቀቱ ሲመለስ ግን የሕፃን ራስ የሚያካክሉ ሐምራዊ አበቦች ይዞ ይነቃና፣ ፌርማታው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አውቶቡሱ ትንሽ እንዲዘገይለት ይመኛል።

እንደ እኔ ያለ ሰው ለእርስዎ ቅሬታ ማቅረብ ስለማይገባው፣ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የተክልን ጤንነት በአንድ ዓምድ ለክቶ ስለሚጨርሰው ቅጽዎ አመሰግናለሁ። ዓምዱ «የቅጠል ሽፋን በመቶኛ» ይላል፤ እንቅልፋሙ በብርዱ ወራት ዜሮ ስላገኘ ከዜሮው ጎን «በመሞት ላይ» ተብሎ ተጽፎለታል። ሥራን እንዲህ ማቅለል የሚያስመሰግን ነው። ስጋቴ አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎና እኔ ባርኔጣችንን ባወለቅንበት ሰዓት ያን ቅጽ የያዘ ሠራተኛ በአጠገባችን እንዳያልፍ።

፪ኛ፤ ስላዘዙለት መድኃኒት አመሰግናለሁ፤ አንድ ሙሉ ጆንያ ማዳበሪያ፣ ባንድ ጊዜ፣ ከግንዱ ሥር እንዲደፋ። የእህቴ ልጅ ትእዛዙ ሲደርሳት የፈጸመችው ጥፋት አንድ ገጽ መጻፍ ነው። እኔ ትምህርቴን የቀሰምኩት ሽፋናቸው ከተገነጠለ መጻሕፍትና ከቆሙ ሰዓቶች ቢሆንም ጽሑፉን አንብቤ ገብቶኛል። ቁጥቋጦው ተኝቷል እንጂ አልሞተም ትላለች። በተኛበት ወራት ምግብ ስለማይፈልግ የተደፋለት ማዳበሪያ ወይ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ወይ እዚያው ተከማችቶ ሥሩን ያቃጥለዋል። እንቡጦቹ ማበጥ ሲጀምሩ ሁለት እፍኝ ወስዶ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያጠላበት ዙሪያ መበተን፣ ከአፈሩ ጋር በስሱ መቀላቀልና ውሃ ማጠጣት ይበቃዋል። ከልክ በላይ ከተሰጠው፣ ከቃጠሎው ቢተርፍ እንኳ ቅጠል ብቻ አንዠርግጎ አበባውን ይረሳዋል። እኔ ራሴ ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ባለቤቴ ልትቀሰቅሰኝ ብላ የሾርባውን ድስት አፌ ላይ ገልብጣብኝ አታውቅም፤ የእርስዎን መመሪያ ስላላነበበች መሆን አለበት።

፫ኛ፤ ስለ መልስዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በሱቄ በር ላይ ያለው ጉድጓድ እንዲደፈን ያስገባነው ማመልከቻ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የእሷ አንድ ገጽ ግን በማግስቱ መልስ አገኘ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ተክሉ እስከዚያ ካልለመለመ ከሥራ ትሰናበታለች የሚል ነበር። እሷም ጆንያውን አፉ እንደተሰፋ ዕቃ ቤት አስገብታ፣ አለመድፋቷን በፊርማዋ አረጋግጣ፣ ችግኝ እንድታመጣ ታዝዛ ከከተማ ውጭ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ሄደች።

እዚህ ላይ እርስዎን ማመስገኔን ለጊዜው ላቁምና ስለ ራሴ ልናገር።

አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። በቤታችን ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ባለቤቴ በየቅዳሜው በሳሙና የምታጥበው የፕላስቲክ ሐረግ ተሰቅሏል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለዳ አርባ አንድ ቅጠሎቹን በመቀስ ቆርጬ፣ ለሰዓት በምጠቀምበት ቀጭን የመዳብ ሽቦ አንድ በአንድ እንቅልፋሙ ላይ አሰርኳቸው። ያየኝ የአደባባዩ ጠራጊ ብቻ ነው። «አባባ፣ ለማን ነው እንዲህ የሚያስጌጡት?» ቢለኝ «ለኮሚቴ» አልኩት፤ ሥራውን ትቶ መጥረጊያውን ተደግፎ እስኪመጡ አብሮኝ ጠበቀ። ኮሚቴው ቀርቦ ሲያይ ስቆ፣ ትንሽም አፍሮ፣ ቁጥቋጦው ለምን ቅጠል እንደሌለው ያን ጊዜ ይጠይቃል ብዬ ነበር። የሰውን ልክ አለማወቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ችግር ነው።

፬ኛ፤ ስለዚህ ለኮሚቴዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው ቅጠሉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ «ውፍረቱን አያችሁት? ማዳበሪያው ሠርቷል!» አለ። ሁለተኛው ሽፋኑን ስልሳ አምስት በመቶ ብሎ መዘገበ፤ ነፋስ እየነፈሰ አንድም ቅጠል አለመርገፉን በልዩ ጥንካሬነት ጻፈለት። ሦስተኛው አንዱን ቅጠል ለላብራቶሪ ናሙና ብሎ ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ሽቦውንም አብሮ። ጆንያው ተከፍቶ እንደሆነ ዕቃ ቤቱን የጠየቀ ግን አልነበረም። በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ተአምር ሰምቻለሁ፤ ከተሰፋ ጆንያ ሳይወጣ የሚሠራ ማዳበሪያ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

፭ኛ፤ ስለ ፎቶግራፉም አመሰግናለሁ። እርስዎ ፈገግ ብለው፣ አንዱን ቅርንጫፍ እንደ ልጅ ትከሻ አቅፈው፣ ከበላይዎ «በማዳበሪያ የመጣ ለውጥ» የሚል ተጽፎ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለዋል። ለሥራው የተሰጠው የምስጋና ወረቀትም ከጎኑ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳቅሁ፤ የደንበኛ ሰዓት በእጄ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ከፎቶግራፉ ሥር ሌላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የፊታችን ሰኞ በዋናው መንገድ ዳር በተተከሉት ሠላሳ ስድስት እንቅልፋም ቁጥቋጦዎች ሥር፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጆንያ፣ በአደባባዩ በተገኘው ውጤት መሠረት ይደፋል ይላል። የምትደፋውም የእህቴ ልጅ ናት።

እሷም በዚያው ቀን ተመለሰች። ቅጠሎቹን የለየቻቸው ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ነው፤ በልጅነቷ እኛ ቤት ስታድግ አቧራቸውን ስትጠርግ ኖራለች። ሻንጣዋን እንደያዘች ሱቄ ገባችና «ጋሼ፣ እኔ እውነት ብጽፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ አንተ ውሸት አስረህ አሸለምካቸው። አሁን ሠላሳ ስድስቱን በገዛ እጄ ላቃጥልልህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሆነ፤ በሱቄ በኩል ማለፍ ትታ ጉድጓዱ በሌለበት ማዶ ትሄዳለች። እንደማትደፋ በጽሑፍ ነግራችኋለች፤ ስለዚህ ሰኞ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀልድ አልፈው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሲሳይ በየዕለቱ አይገኝም። ግን ግማሹ የእኔ ነው። ስለዚህ ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ፤ ቅጠሎቹ የፕላስቲክ ናቸው፣ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ፣ የእህቴ ልጅ አላወቀችም፣ ጆንያውም እስካሁን አፉ እንደተሰፋ ዕቃ ቤትዎ ውስጥ ከበሩ በስተግራ ተቀምጧል።

ዛሬ ማለዳ ቅጠሎቹን ሁሉ ፈትቼ ለባለቤቴ መለስኩ። ከዚያ በሰዓት መጠገኛ ጊዜ ዓይኔ ላይ የማደርጋትን አጉሊ መነጽር አድርጌ የቅርንጫፉን ጫፍ አየሁ። የስንዴ ቅንጣት የምታህለው እንቡጥ አብጣለች፤ ቡናማ ልብሷ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ከውስጡ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ይታያል። ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ። እንቅልፋሙ ያለ ጆንያና ያለ ኮሚቴ ሊነቃ ነው። ልጅቷ በገጿ ላይ የጻፈችው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለት እፍኝ የሚበተንለት አሁን ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጆንያዎቹ ሳይከፈቱ በፊት፣ ጉድጓዱን ብቻ ተጠንቅቀው፣ ወደ ሱቄ ብቅ እንዲሉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ወንበር አለኝ። መነጽሬን አውስዎታለሁ፤ ወደ አደባባዩም አብሬዎት እሄዳለሁ። ካዩ በኋላ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእሷ ይስጧትና ማስጠንቀቂያውን ይቅደዱት። ለእኔ የፈቀዱትን ቅጣት ይጻፉልኝ፤ ቅጹን ራሴ እሞላለሁ።

መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ በቅጽዎ መሠረትም በመሞት ላይ ሆኜ፣

የዘወትር ተመልካችዎ፣
ከመስኮትዎ ማዶ ያለው ሰዓት ጠጋኝ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ የላብራቶሪው ውጤት በፎቶግራፍዎ አጠገብ መለጠፉን አይቻለሁ። «ናይትሮጂን፦ አጥጋቢ። ተባይ፦ አልተገኘም» ይላል። ባለቤቴ ቅጠሎቿን ብትቆጥር አርባ ሆነውባታል፤ አርባ አንደኛዋ እናንተው ዘንድ ናትና ከቅዳሜው እጥበት በፊት እንድትመለስላት ትጠይቃለች። ተባይ ያልተገኘባት በሳሙናው ምክንያት ነው፤ ናይትሮጂኑን ከየት እንዳመጣችው ግን እሷም እንደ እኔ ከእርስዎ ለመማር ትጠባበቃለች።