የእማዬ ጉልበትና የሱኒታ ሐረግ

ሰኞ፣ ሜይ 4

ዛሬም ከሥራ ስገባ እማዬ አጥሩ ሥር ናት። ከህንዷ ጎረቤታችን ከሱኒታ ጋር። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በሂንዲ፣ ይግባባሉ እኮ! ሱኒታ አጥሩ ላይ ከተጠመጠመው ሐረግ ግንዱን እየቆረጠች ትሰጣታለች። ጊሎይ ይሉታል። አገራቸው ለትኩሳቱም ለቁርጥማቱም እሱ ነው አሉ። እማዬ ለጉልበቷ ሕመም ብላ ቀቅላ፣ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣዋለች። ቀመስኩት፤ ኤጭ፣ ሬት ነው! አገር ቤት ሥር ማሽ ባለበት ሰፈር የማታልፍ ጴንጤ! ብላት፣ ይሄማ እንደ ጎመን ነው፣ ምኑ መድኃኒት ሆነ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

እማዬ ተንበረከከች! ስንት ዘመን ወንበር ላይ ሆና ስትጸልይ የኖረች ሴት፣ ዛሬ አልጋዋ ሥር በጉልበቷ። አለቀስኩ። እሷ ጌታ ነው ትላለች፤ እሑድ ቤ/ክ ተጸልዮላታል። ሱኒታ ሐረጉ ነው ትላለች። እኔ እንጃ። ግን ምግብ አስጠልቷታል። ዓይኗም... መብራቱ ይሆናል።

እሑድ፣ ሜይ 10

መብራቱ አይደለም። ዓይኗ ቢጫ ነው። ሽንቷ ጠቁሯል። የወፍ በሽታ ነው ትላለች፣ ረጋ ብላ! ሱኒታ ስትሰማ ክው አለች። ሮጣ ያንኑ ሐረግ ጨምራ ቆርጣ መጣች፤ ለጉበት ፍቱን ነው ብላ። እማዬ ብርጭቆውን ሞላችው። ልከልክላት? ወይስ የሚያድናት እሱ ቢሆንስ? ግራ ገባኝ። ለነገ ሐኪም ቡክ አደረግሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

የደም ውጤቱ መጣ። ጉበቷ ተጎድቷል። ትናንት ዶ/ሯ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። አስተረጎምኩ። እማዬ፣ ኧረ ምንም! አለች። እኔም ምንም አልኩ። አልዋሸችም እኮ፤ ለሷ ጎመን ነው። እኔስ? እሑድ ተጠራጥሬ ሳለ እንዴት አልተናገርኩም!

ኢንተርኔት ገባሁ፤ ባልገባ ይሻል ነበር። አንዱ ጉበት ይጠግናል ይላል። ሌላው ጠጥተው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ ይላል። የቱን ልመን?

ተዪው ብላት አበደች። ጌታ የሰጠኝን ጉልበት ልትነጥቂኝ ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሱኒታም ምን እንደምትለኝ አላውቅም፣ ክፉ አስባ አይደለም።

በቃ። ድስቱን ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ነገ ጠዋት ሐረጉን ይዤ ዶ/ሯ ጋ እሄዳለሁ፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። እማዬ ታኩርፈኝ። ወንበር ላይ ሆና እየጸለየች ትኑርልኝ።