እናትሽ ጀልባ የተሳፈረች ዕለት

ሰበታ፣ ግንቦት 2012 ዓ.ም.

ለማትጠገቢው ልጄ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ አንቺ ያለሽበት ፎቅ ድረስ ይግባ። አካም ጅርታ? ያ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል ያልሽው ነገር ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ትተኛለሽ? የአሠሪዎችሽ ልጆች አሁንም ፀጉርሽን ይጎትታሉ? እኛ ደኅና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ራህመት ሱቋ በር ላይ ገመድ ወጥራ ደንበኛውን ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ታቆማለች፤ መልስ የምትሰጠው በስኳር መስፈሪያዋ ላይ አድርጋ ነው። እኔ አባትሽ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ኮሮና ራሱ ከሩቅ አይቶኝ መንገድ የሚቀይር ሰው።

ይህን ማን ጻፈልህ እንዳትዪኝ። እኔው ነኝ፣ በዚች በገዛ እጄ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህርታችን የወይንሐረግ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል በመጨረሻዋ ምሽት፣ "ኦቦ ነገሳ፣ ቀደም ብለው ቢጀምሩ ኖሮ አንቱ ይሄኔ ዳኛ ነበሩ" ብላኛለች። ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ስንት ተማሪ ነበራችሁ ብለሽ ነገር አታበላሺ። ደብዳቤውን ራህመት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ በዚህ ምክንያት ስለ ራህመት ክፉ ነገር አልጽፍም።

የላክሽውን መልእክት ራሴ አነበብኩት። ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ደረስኩበት። አሠሪዎችሽ ለሽርሽር ሲወጡ ልጆቹን እንድትይዢላቸው መርከብ ላይ አሳፍረውሽ እንደነበር፣ መርከቡ ውስጡ መዋኛም ሲኒማም እንዳለው፣ በኋላ በሽታው እዚያው መሃላችሁ ሲገኝ ወደብ የተባለ ሁሉ አላስጠጋ ብሎ መስኮት በሌላት ክፍል ተዘግቶብሽ እንደከረምሽ አነበብኩ። እግርሽ መሬት መርገጡን የምትናገሪበት ቦታ ስደርስ ወረቀት ቢሆን እስመው ነበር፤ የራህመት ስልክ ስለሆነ ተውኩት። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጽፈሻል። አንዱ፣ "አንድ ቀን ሁለታችሁንም በመርከብ ካላዝናናኋችሁ" የሚል ነው። ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ። እኛ ሄደን መጥተናል። ሁለተኛው፣ "እማዬ ማናገር ጀመረች ወይ?" የሚለው ነው። የዚህኛው መልስ እዚያው መርከባችን ላይ ስላለ ሳትጣደፊ ተከተይኝ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም አሁን የጽሑፍ ሰው ስለሆንኩ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የአበባ እርሻው መሬታችንን ወስዶ፣ ወንዙን ገድቦ፣ ቤታችንን ከነጓሮው ውሃ ሲውጠው፣ እኔ ብዙም ሳልቆይ እዚያው እርሻ ጥበቃ ሆኜ ገባሁ። እናትሽ ተቆጣች፣ ሰደበችኝ፣ ግን ስድብም ንግግር ነው። ንግግሯ የተቆረጠው በ2008 ነው። ማስተር ፕላኑ ይቅር ተብሎ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም መንገዱ በድንጋይ የተዘጋ ጊዜ፣ እናንተ ተማሪዎቹ ወደ እርሻው በር የመጣችሁ ቀን። አንቺ ከፊት ነበርሽ። "አባ፣ ባኒ! ክፈትልን!" አልሽኝ። አልከፈትኩም። ፖሊሶቹ ደርሰው ከነጓደኞችሽ ሲጭኑሽ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንቺ ተፈትተሽ ስትመጪ አንገቴን አቅፈሽ ሳምሽኝ። እናትሽ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቃል በቀጥታ ሰጥታኝ አታውቅም።

በአንቺ በኩል ነበር የምታናግረኝ። አንቺ ዱባይ ስትሄጂ በራህመት በኩል ሆነ፤ "ራህመት፣ ለሰውዬው ንገሪልኝ፣ ጣራው ያፈሳል" ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። በቴሌቪዥን ርቀታችሁን ጠብቁ ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሲደነግጥ እኔ ሳቅሁ። እናትሽ ርቀቷን መጠበቅ የጀመረችው ኮሮና ሳይወለድ ነው።

ኮሮናው ሲመጣ እርሻው ቀጥ አለ። የፈረንጅ አገር ገበያ ተዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻው አውሮፕላን ወጣ፣ ሠራተኛው ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ከግቢው ንቅንቅ እንዳልል ታዘዝኩ። በአጭሩ ጌታው እኔ ሆንኩ። ከመበተናቸው በፊት የታጨደው ጽጌረዳ በትራክተር እየመጣ ከግድቡ ጥግ ይደፋ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተቆልሎ። ሽታው ያሰክራል። እናትሽ ምሳዬን በየቀኑ እያመጣች በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች። ግቢውን ከቶ ረግጣው አታውቅም። ራህመት አጠገቧ ስለሌለች አሁን የምታናግረኝ በግቢው ውሻ በኩል ሆነ። "አንተ ውሻ፣ ጌታህ ሹሮው እንዳይቀዘቅዝበት በለው።" ውሻው እኔን ያያል፣ እኔ ውሻውን አያለሁ። ደግሞ በዚያው ሰሞን ለራህመት፣ ዝናቡ ሲያቆም እቃዬን ይዤ ሱሉልታ ወንድሜ ጋ እገባለሁ ብላታለች። ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ወሬው ሲደርሰኝ ቀልድ እንኳን አልመጣልኝም።

ታዲያ መልእክትሽን ያነበብኩ ዕለት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ እኔ ጋ መምጣት ያበዛል። ከውሃ መሳቢያው አፍ ላይ አረም የምናጸዳባት የቆርቆሮ ጀልባ አለችን። በሳሙና አጠብኳት። ከተደፋው ጽጌረዳ ቀይ ቀዩን መርጬ ወለሏ ላይ ነሰነስኩ። ከዚያ ወረቀት ቀድጄ፣ "የመርከብ ጉዞ። ለአንድ ሴት። ነገ ጠዋት። ማስክ ይዞ መምጣት ግዴታ ነው" ብዬ ጻፍኩና ባዶው ሳህን ውስጥ አድርጌ መለስኩላት። ለእናትሽ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ማንበብ ስለማትችል ለራህመት ወስዳ አስነበበቻት፤ ራህመት ሳቋ እስከ ዓለም ገና ተሰማ ይላሉ።

በማግስቱ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወደ ውሃው ሄድኩ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። ዞር ብል ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የውሻው ጭራ ሲወዛወዝ አየሁ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ መጥታለች። "አንተ ውሻ፣ መርከብ የሚሉት ይሄንን ነው?" አለችው። በእጇ ላይ አልኮል ረጨሁላት። ልደግፋት እጄን ብዘረጋ አልያዘችውም። ገባች፣ ጽጌረዳውን በእግሯ ወደ ጥግ ጠርጋ ባዶው ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠችና፣ መሬቴን የበላ አበባ ላይ አልቀመጥም ብላ ለውሻው ነገረችው። እኔ መቅዘፊያውን ይዤ ገፋሁ። ውሻው መሳፈር እምቢ አለ። ከዳር ቆሞ ሲጮህብን ነው ነገሩ የገባኝ፤ አሁን መሃላችን ራህመት የለች፣ ውሻ የለ። እሷና እኔ ብቻ ነን።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? የማታ ትምህርት ቤቱ ለዚህ የሚሆን ቃል አላስያዘኝም። ያን ውሃ ዓመታት ጠብቄዋለሁ፤ ግን ጥበቃ ፊቱ ወደ በሩ ነው፣ ውሃው ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር። ያን ቀን የጅማ መንገድ ዝም ብሏል። አይሱዙ የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ከመቅዘፊያዬ የሚንጠባጠበው እንኳ ይሰማል። ወጨጫ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ቆሟል። መቅዘፊያዬን ሳገባ ተራራው ይሰነጠቃል፣ ሳወጣ መልሶ ይገጥማል። ሳቢሳ ወፎች ብድግ ሲሉ ከበላያችንም ከበታቻችንም በረሩ። ሰማይ ላይ እየሄድን መሰለኝ። እኔ፣ ወሬ አልቆብኝ የማያውቀው ሰው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናትሽን ሳያት ማስኳን አውርዳለች። ለካ አፏን ካየሁት ቆይቻለሁ።

ፍርሃቴን ለመሸፈን ካፒቴን ሆንኩ። ክብርት መንገደኛችን፣ በስተቀኝ የሚታየው ፓምፑ ነው፣ በስተግራ ያለው የተበላሸው ፓምፕ ነው፣ መርከባችን መዋኛም አላት፣ መዋኛዋ ከውጭ ነው አልኩ። ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዳር በዳሩ ነበር የምወስዳት። ወደ መሃል መሄድ አልደፈርኩም።

ያኔ ነው "ግራ" ያለችው።

አንዲት ቃል። ለማን እንዳለችው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ወደ ግራ ቀዘፍኩ። "ቀጥ በል" አለች። ቀጥ አልኩ። ዓይኗ ወጨጫ ላይ ነው። ጓሮ ስትቆም የተራራው ጫፍ ከኪዳነ ምሕረት ጉልላት በየት በኩል እንደሚታይ ታውቃለች፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ጫፉን ስትነካው የምታየው ከዚያ ሆና ነበር። እየለካች ወሰደችኝ። "ይሄ በራችን ነው" አለች ውሃው ላይ። ትንሽ አለፍንና "ይሄ በረቱ" አለች። "አሁን ቀስ።"

ልጄ፣ እዚህ ላይ ያልነገርንሽ ነገር አለ። ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ስለማይቀበር ከጓሮ፣ ከግራሯ ሥር አሳረፍነው። መሬቱ ሲወሰድ መዝጋቢዎቹ ዛፉን ቆጠሩ፣ አጥሩን ቆጠሩ፤ እሱን ማን ይቆጥረዋል? ውሃው ሲመጣ እናትሽ አላለቀሰችም። እኔም ስለ እሱ አንስቼ አላውቅም። የረሳሁት መስሏት ኖሯል።

"እዚህ ነው" ብላ ጎንበስ ስትል ከፊቷ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። ከሥሩ ገመድ ታስሮበት ወደ ታች ወርዷል። ጀሪካኑን አየች፣ ወጨጫን አየች፣ ጉልላቱን አየች፣ እንደገና ጀሪካኑን አየች።

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

የውሃ መለኪያ ነው አልኳት። ለሥራ አስኪያጁም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ቢሆንም በየወሩ አነብለት ነበር፣ እሱም አምኖ ይጽፈው ነበር።

እጇን ጀሪካኑ ላይ አሳረፈች፣ የሕፃን ራስ እንደሚዳበስ። ፀሐይ ፕላስቲኩን አላደረቀውም፤ አዲስ ነው። ገመዱን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው።

"ገመዱ ይህን ሁሉ ዓመት አልበሰበሰም?"

"ይቀየራል" አልኳት።

"ማነው የሚቀይረው?"

"ጥበቃው ነዋ።"

ጀልባዋ በራሷ ትንሽ ዞረች። እናትሽ ጥጉ ላይ ከጠረገችው አበባ አንድ ቀይ አንስታ ቅጠሉን እየበጠሰች ውሃው ላይ ጣለች፣ ሌላም ጣለች። ቅጠሉ ጀሪካኑን ከብቦ ቆመ። ከዚያ ወደኔ ሳታይ፣

"ለዚያ ጥበቃ፣ እግዜር ይስጠው በለው" አለች።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኳት። ድምፄ እንደ በር ሲጢጥ አለ። ካፒቴን አያለቅስም ስለሚባል ውሃ ተረጨብኝ አልኩ።

ተመልሰን ዳር ስንደርስ ውሻው ሮጦ መጣ። እሷ ግን በላዩ ላይ አለፈችና ቀጥታ እኔን፣ "ይሄ ጺም ምንድነው? ምሳህንስ ለምን እያስተረፍክ ትመልሳለህ?" አለችኝ።

አንቺ ያን ቀን ለምን አልከፈትክም ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔም ነግሬሽ አላውቅም። ከፍቼላችሁ ቁልፉን ለሌላ ጥበቃ ቢሰጡት ጀልባዋን ማን እንደሚይዛት አላውቅም ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እጄ ገና አዲስ ነው፣ ይደክመዋል። እንዴት እንደምታነቢው ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ሱሉልታ ቀርቷል። እናትሽ ፍራሿን ተሸክማ የጥበቃ ቤቷ ውስጥ ገብታለች። ቦታው ጠበበኝ፣ ታንኮራፋለህ፣ ቆርቆሮው ይጮኻል ትላለች። ያጠራቀመችውን ሁሉ እያወረደችብኝ ነው፤ የዛሬ ስንት ዓመት ስለሸጥኩት በሬ ሳይቀር ተጠየቅሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዬ አላረፈም። እግዚአብሔር ይመስገን።

በይ እንግዲህ፣ ከበሽታ ይሰውርሽ፣ ካገር ርቆ መውደቅን አያሳይሽ። በሰው ቤት የረገጥሽው ደረጃ ሁሉ ወደ ቤትሽ የሚያደርስሽ ይሁን። አፍሽን ሸፍኚ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ወንድም እንደነበረሽ አስቢ። እናትሽ አጠገቤ ሆና የምጽፈውን በጣቷ እየተከተለች ነው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ሁለት ስም ጻፍ፣ ብቻህን አትፈርም ብላኛለችና ታዝዣለሁ።

አባትሽና እናትሽ