ከወንዙ ዳር የተለቀሙት አባጨጓሬዎች

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? እናታችንስ ጤናዋ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ጉልበትህንስ ተሻለህ? ስለ ጉልበትህ የሰማሁት ከባለቤትህ እንጂ ከአንተ አይደለም። እኔ ደህና አይደለሁም፤ አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

ከተራራው አናት ለቅመህ እንድትልክልኝ የለመንኩህን አባጨጓሬዎች አልረሳሃቸውም። የተራራውና የወንዙ ዳር ቢራቢሮ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የወንዙ ዘረ መሉን የሚሸከም ሠላሳ አንድ ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ የተራራው አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተጣብቀውበት ሃያ ስድስት ጥንድ ብቻ ነው ያለው። የትኛው ከየትኛው እንደተጣበቀ የምንለየው በተመረጠ የዘረ መል ቁራጭ ላይ ብቻ በሚይዝ የሚያበራ ቀለም ነው። ሦስት ዓመት ዓይኔን ያጠፋሁት በዚህ ነው።

"ተራራ" ብለህ ከጻፍክበት ሣጥን ሠላሳ አንድ ጥንድ ቆጠርኩ። የተጣበቁት መልሰው ተለያዩ ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ሰው ሰብስቦ አስጨበጨበልኝ። ኋላ ሙሉ ዘረ መላቸው ሲነበብ ግን የወንዙ ዳር ሆነው ተገኙ። አለቃዬ አሁን ሰላም እንኳ አይለኝም። ናሙናውን ሆን ብላ ቀይራለች ብሎ ከስሶኛል፤ በሚመጣው ወር ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ካላመኑኝ እባረራለሁ።

ባለቤትህ ምንም ሳታስብ በስልክ አወጣችው። ከክረምት ወዲህ ጉልበትህ ዳገት አላስወጣ ብሎህ፣ ቢራቢሮ ያው ቢራቢሮ ነው ብለህ ከወንዙ ዳር እንደለቀምክ ነገረችኝ። አሞኛል ብትለኝ ምን ነበረበት? ሣጥኑ ላይ "ወንዝ" ብለህ ብትጽፍ ያ ራሱ ለሥራዬ ይጠቅመኝ ነበር። ትናንት ስጠይቅህ ደግሞ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ወጥቻለሁ አልከኝ። ዳገት አይበግረውም ብሎ መንደሩ "ፍየሉ" እያለ ስለሚጠራህ፣ ፍየሉ አረጀ እንዳይሉህ እኔን አጭበርባሪ አሰኘኸኝ። ይህን ከባዕድ ብጠብቅ ነው እንጂ ከአንተ አልጠበቅኩም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ጉዳዩን ግን እንዳትነግራት። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤትህን እጥፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ነገረችብኝ ብለህ ብትቆጣት እሰማለሁ።

ለአንተ ሰላምታ የለኝም። አንድ ወረቀት ላይ "ተራራውን አልወጣሁም" ብለህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። ሁለት ቃል ነው። ከኮሚቴው ውስጥ ፍየሉ መባልህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

እህትህ
ከላቦራቶሪው ሁለተኛ ፎቅ፣ ኅዳር 12 ቀን