ድምፅሽ ያልመጣበት እሁድ

ውድ ልጄ፣

«ውድ» ያለችው ሽቦ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። «ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ጋሼ» ብላ ድርቅ አለች። ይሁን፣ ይቀመጥ። ሽቦ ማለት ከእኛ በታች ባለችው ሱቅ ሬዲዮና ኮምፒውተር የምትጠግነው ሴት ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ።

ባልሽ ያለኝን ሰምቻለሁ። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ተናደሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ያ እሁድ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። ጽሑፍ ሞልቶበታል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ። ማሽኑን ያዘጋጀሽልኝ ጊዜ «አባባ፣ ይሄ ሲስተም የማንም ድርጅት አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው በነጻ የሚሠሩት ነው። አንዳንዴ ልታደስ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያኔ እንዳይነኩት፣ ሽቦን ይጥሩ» ብለሽኝ ነበር። አልረሳሁትም። ግን አንቺ ስትደውይ የምጫነው ሰማያዊውን ነው፤ ሰማያዊ ክፉ አድርጎብኝ አያውቅም። ደግሞስ አርባ ዓመት መጋዝ ይዤ አንድ ጣት ያላጣሁ አናጢ ለአንዲት ቁልፍ ሰው ልለምን? ተጫንኩት።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጽፍ፣ ሲጠፋ፣ ሲበራ ቆየ። ሲነቃ መልኩ ሁሉ ተለውጧል። ኮራሁ። እሁድ «አየሽ፣ እኔው ራሴ አደስኩት» ልልሽ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ተቀመጥኩ።

ደወልሽ። ፊትሽ መጣ። አፍሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። «አይሰማኝም» ማለት አንዲት ቃል ናት። አላልኳትም። ካልኩ «ምን ነካክተው ነው?» ልትይ ነው፤ ቀጥሎ «አይንኩ ብዬ አልነበር?» ልትይ ነው። እኔን ልጄ እንድትቆጣኝ? ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። መስኮቱ ከኋላሽ ስለነበር ፊትሽ ጥቁር ነው፣ እንባ ይኑር አይኑር አይለይም። ረጅም ተናገርሽ። «እሺ፣ እሺ፣ ጥሩ ነው» አልኩሽ። የእሁድ ወሬሽን የማውቀው መሰለኝ፤ ሥራሽ፣ የወገብሽ ሕመም፣ የሆድሽ ርግጫ። በኋላ ትከሻሽ ተንቀጠቀጠ፣ በእጅሽ አፍሽን ያዝሽ። እናትሽ እንደዚያ ነበር የምትስቀው። ሳቅሽ መሰለኝና እኔም ሳቅሁ። ያንን ግድግዳ የሚያናጋ ሳቄን ሳቅሁ። «እሰይ የእኔ ልጅ!» አልኩሽ። ከዚያም ዞሬ ለሚወለደው ልጅሽ ሠርቼ ከኋላዬ ያቆምኩትን የሕፃን አልጋ በመዳፌ መታ መታ አድርጌ አሳየሁሽ።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። ስክሪኑ ጠቆረ።

በማግስቱ ሽቦን ጠራኋት።

«ማን ነው ያደሰው?»

«ራሱ።»

«ራሱ! እጅ አብቅሎ ነዋ ጋሼ!»

ስፒከሩን ነቅላ ሰካች፤ ደህና ነው። የድምፅ ማስተካከያ የሚባል ገጽ ከፈተች። «ይኸው። ሲታደስ የድሮ ምርጫውን ጥሎታል። ድምፁን ወደ ስፒከሩ መላኩን ትቶ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ ይሄ ስክሪን ደግሞ ድምፅ ማውጣት አይችልም።» አንዲት መስመር ነካች፣ ማሽኑ ጮኸ። በቃ፣ አንድ ትንፋሽ እንኳን አልፈጀባትም።

«የእኔስ ድምፅ ይሰማት ነበር?» አልኳት።

«ማይኩ ካሜራው ላይ ነው፣ እሱን አልነካውም። አንድም ቃል አላመለጣትም።»

እግዜር ይይልኝ ልጄ፣ ያኔ ደስ አለኝ።

ሦስት እሁድ ደወልኩ፣ አታነሺም። በአራተኛው ባልሽ አነሳ። በሠርጋችሁ ቀን እጁን ያልጨበጥኩት ባልሽ።

«ምን ፈለጉ?» አለኝ።

«ልጄን።»

«ልጅዎ ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ፣ ልጃችንን በስምንት ወር እንዳጣን ስትነግርዎት ሳቁባት። እሰይ አሏት። አልጋ አሳዩዋት። አሁን ምን ቀርቶዎት ነው?»

ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። እሱ ዘጋው፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ መሸ።

ሽቦ አሁን ብዕሯን አስቀምጣ «ጋሼ፣ የማሽኑ ጥፋት ነው ብለው ያጽፉ» ትለኛለች። አላጽፍም። ማሽኑ ጠይቆኛል። ማንበብ አለመቻሌን ለማሽን እንኳን ማመን አፍሬ ነው የተጫንኩት፤ አለመስማቴን ላንቺ ማመን አፍሬ ነው የሳቅሁት። ይሄን ኩራት ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ስንቴ ነግረሽኛል። ይቅር በይኝ። ይችን ቃል ለእናትሽም ሳልላት ነው የሞተችው። ባልሽንም ይቅር በለኝ በይልኝ። ያለኝ ሁሉ ልክ ነው።

እሁድ በሰዓታችን እደውላለሁ። ካላነሳሽ በሚቀጥለው እሁድ እደውላለሁ። ካነሳሽ ስድብም ይሁን ልቅሶ፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ከዚያ ያን ቀን የነገርሽኝን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ወንድ ነበር ወይስ ሴት? ስም አውጥታችሁ ነበር? እኔ አያት ሆኜ ይሄን አላውቅም።

አባትሽ