ትርንጎ የሚለው ስም የእኔ ነበር

ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሁለት ሶልያና፣ አንድ ናርዶስ። ዛሬም። እስክሪብቶው ከብርዱ የተነሳ አልጽፍ አለኝ፤ በትንፋሼ እያሞቅኩ ነው የሠራሁት። የሞላሌን ኅዳር ታውቂዋለሽ ደብተሬ። ሦስተኛዋን እናት የስሙን ትርጉም ጠየቅኳት። አታውቀውም። ጎረቤቷ ልጇን እንዲያ ብላ ስትጠራ ሰምታ ነው። የልደት ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ይህን ነው፤ ስም እንደ ጉንፋን ከጎረቤት ይይዛል።

ወንድሜ ወንድወሰን አሁን ደወለ። ሚስቱ ሰናይት ትናንት ማምሻውን ጤና ጣቢያ ወልዳለች። ሴት። እልል አልኩ፣ ባለጉዳይ ፊት፣ ከልቤ። ስሟን እማዬ አወጣችላት አለ። ማን አለቻት? ትርንጎ።

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁበት።

ከቀኑ 10፡00

ቢሮው ባዶ ነው። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ትርንጎ የእናቴ አያት ናት። ከመርሐቤቴ ቆላ ወደ መንዝ ተድራ የመጣች። በበቅሎ ስትመጣ አንድ ትርንጎ በጉያዋ ይዛ ነበር ይላሉ፤ ያን ሎሚ የሚመስለውን፣ ግን ትልቁን፣ ልጣጨ ወፍራሙን፣ ሽታው ቤት የሚሞላውን ፍሬ። በእኛ ደጋ አይበቅልም፣ ውርጩ ይገድለዋል። የሠርጉ ሰው እየተቀባበለ አሸተተው። ለሙሽራ ስም የምታወጣው አማት ናት፤ አማቲቱም ፍሬውን አሽትታ ሙሽራዪቱን አየችና በቃ ትርንጎ ትባል አለች። የዱሮ ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

አሥር ዓመቴ ላይ እማዬ ይህን ስታጫውተኝ ሴት ልጅ ስወልድ ትርንጎ እላታለሁ አልኳት። እሰይ አለች። ሰምታኛለች! ካገባሁ ሰባት ዓመቴ። ልጅ የለኝም። ስሙ ግን ነበረኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መዝገቦቹን እገለብጣለሁ፣ በሩን ቆልፎ ተመልሶ እንደሚነካካ ሰው። አንድም ትርንጎ የለም። ማንም አልነካብኝም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር 15

አራስ ጥየቃ። ቂቤ ይዤ ሄድኩ። ሕፃኗ ቀይ፣ ጠጉራም፣ ግንባሯ የእኔ። አዎ የእኔ ነው፣ ሁሉም አሉት። ይሄ ደግሞ ባሰ።

እማዬን ጓዳ ለብቻዋ አገኘኋት። ያ ስም የማን ነበር አልኳት። የገንፎውን ማማሰያ እንኳ አላስቀመጠችም።

"ልጄ፣ ሜዳ ላይ ከሚቀር ብዬ ነው።"

በክፋት አይደለም ያለችው። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። የሞተ ሰው ልብስ ለዘመድ እንደሚታደል አድርጋ ሰጠችው። እኔ ግን አለሁ! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ተመልሼ ገንፎውን በላሁ። ሁለቴ አስጨመርኩ።

ሰናይት መቼ እናስመዝግባት እትዬ አለችኝ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፦ ክርስትና ሳትነሳ አይመዘገብም አልኳት። ውሸት ነው። ቀበሌና ቤ/ክ ምን አገናኛቸው። ሕጉ የሚለው እስከ ዘጠና ቀን ነው እንጂ ነገ ቢመጡም መመዝገብ እችላለሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ሰማንያ ቀን ገዛሁ። በሰማንያ ቀን ስንት ሰው ሐሳቡን ይለውጣል።

አመሰገነችኝ። ጭራሽ።

ኅዳር 30

የስም ዝርዝር ጽፌ ወሰድኩላት። ሶልያና፣ ማክዳ፣ ኤልዳና፣ ከነትርጉማቸው፣ በንጹሕ ወረቀት። ት/ቤት ይስቁባታል፣ ፍራፍሬ ብለው ይጠሯታል አልኳት። ሰናይት ሳቀች። እኔም መጀመሪያ ከበደኝ፣ አሁን ግን ስጠራት ትዞራለች አለች። የሃያ ቀን ልጅ ትዞራለች! ዝንብም ቢያልፍ ትዞራለች።

ሰናይት ምን አደረገችኝ? ምንም። የተናደድኩት በእማዬ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ። ይህን እያወቅኩ ወረቀቱን ትራስጌዋ ትቼላት ወጣሁ።

ታኅሣሥ 21

ባሌ ጌታቸው አስተማሪ ነው፤ ቤትም ያስተምራል። ከትናንት በስቲያ እራት ላይ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ አልማዝ፣ ያንቺ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው አለኝ። ወተቷንም አላይ የሚለውን ሳይጨርስ ተነሳሁ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ዛሬ ይቅርታ ጠየቀ፤ የተናገረው እሱንም ስለሚያመው እንደሆነ ነገረኝ። አለቀስን። ከዚያ በጉ ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገባና ሁለታችንም ሮጥን።

ጥር 12

ገበያ። ከመርሐቤቴ የመጣ ነጋዴ ትርንጎ ዘርግቷል! በእውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የጠበቅኩት ወርቅ ነገር ነበር። ጎርባጣ፣ ወዘናው የጠፋ፣ አስቀያሚ ፍሬ። አሸተትኩት። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ነጋዴው ገዥ ነሽ ወይስ አሽታች አለኝ።

አንድ ገዛሁ። ለማንም አላሳየሁም። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ጥር 20

ሰናይት መጣች፣ ልጅቷን አዝላ። ክርስትና እናት ሁኛት አለችኝ። እህቶቿ አሉ፣ ጓደኞቿ አሉ። ለምን እኔን? ስሙን ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደጠበቅሽው ወንድምሽ ነግሮኛል አለች።

ያውቃሉ ማለት ነው። እያወቁ ወሰዱት፣ እያወቁ ደግሞ ያዢልን ይሉኛል። እንቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሺ አልኩ።

ጥር 28፣ አማኑኤል፣ ከሰዓት

ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አደረ። ቤ/ክ በጠዋት። ልጅቷን አቀፍኩ። ቄሱ ፊትሽን ወደ ምዕራብ አዙሪ አሉኝ። በልጅቷ ፈንታ ሰይጣንን የምክደው እኔ ነኝ። እክህደከ ሰይጣን፣ በይ፣ አሉ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ይቺን ልጅ ስሟን ልነጥቃት ስሸርብ የከረምኩ ሴት ምኑን ነው የምክደው? ቄሱ ጠበቁኝ። ከኋላ እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። አልኩት። ድምፄ ተሰበረ፤ ሰው በመንፈሳዊነት መስሎት ከንፈር መጠጠ።

ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ወለተ አማኑኤል ተባለች፣ ማተብ ታሰረላት፣ ነጠላዬ ውስጥ ጠቀለልኳት። አፍንጫዋ በረዶ። አንገቴ ውስጥ ወሸቀችው። እዚያው ተኛች።

ድግሱ ላይ ሰናይትን ጥግ ይዤ ተናዘዝኩ። ምዝገባው ክርስትና አይጠብቅም፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"አውቄአለሁ እኮ እትዬ። ጎረቤቴ በወሯ አስመዝግባ የለ? ልብሽ እስኪመለስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ያቺን ወረቀትም አልጣለቻትም። ሁለተኛ ከወለድኩ መምረጫ ይሆነኛል አለች። ደብተሬ፣ ልጅ ያላት እሷ፣ ስሙ ያላት እሷ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱም የእሷ ሆነ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ መቅናት እንኳ ያደክማል። ቀናሁ ግን።

የካቲት 1፣ ከረፋዱ 5፡00

መጡ። ወንድወሰን በሠርጉ ኮት፣ ሰናይት፣ ልጅቷ። የሕፃኗ ስም የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶ ቀየርኩ። ደብዛዛውን ጣልኩና አዲሱን አወጣሁ። ትርንጎ ወንድወሰን። እንደዚያ አምሮ የተጻፈ ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ገልብጦ ማየት ይቻላል። ፍሬውን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ደርቋል፣ ሽታው ግን አለ። ልጅቷ አስነጠሳት። ተሳሳቅን። አቅፌያት በር ድረስ ሸኘሁ።

ከቀኑ 9፡00

ይህን ሳልጽፍ አላድርም።

ከምሳ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ገባች። የልጅሽ ስም? ሶልያና። እሺ። ልጽፍ ስል ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው አለች። ትርንጎ ነው አልኳት። የሴት ስምም ይሆናል? ይሆናል አልኩ፤ የሠርጉን፣ የበቅሎዋን፣ የአማቲቱን ወግ አንድ በአንድ አጫወትኳት። ምን ለፍላፊ አደረገኝ! ዓይኗ በራ። ሶልያናውን ተይው፣ የእኔንም ትርንጎ በያት አለች።

እዚህ፣ ደረቴ ላይ፣ እሳት። ያችው የኅዳሯ እሳት። ዛሬ ግን ለራሴ አልነበረም።

"ተይዟል" አልኳት።

"ስም ይያዛል እንዴ?"

"በዚህ ቀበሌ ይያዛል።"

በማን አለችኝ። በልጄ አልኩ። ስንት ልጅ አለሽ አለችኝ። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሰባት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። አንድ አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። እግዜር ያሳድግልሽ አለች፣ አሜን አልኩ፣ ሶልያና ብዬ ጻፍኩና ማህተሙን መታሁ።

ሰይጣንን ከካድኩ ገና አራተኛ ቀኔ። ነገ በጠዋት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። ስሙን ግን አልሰጥም።