ቆሎው የተረሳበት ማሳያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ለወላጆች «ይህን ማሳያ ያሰብኩት እኔ ነኝ» ሲል ደሜ ፈላ። ሴል ሶዲየምን ወደ ውጭ ሲገፋ የሚያሳየው ጨዋታ እኔ ለማስተምረው የባዮሎጂ ክፍል የፈጠርኩት ነው። ተማሪዎች ሶዲየም ሆነው ከክፍል ወደ ተጨናነቀው ኮሪደር ይወጣሉ፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እየገፋ ያስወጣቸዋል፤ በገፋ ቁጥር ደግሞ እፍኝ ቆሎ ይበላል። ኃላፊው ግን ዛሬ ሲያሳያቸው ቆሎውን ረሳው።

አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ዘበኛው ጉልበቱን ከየት አመጣው?» አለችው።

«ጎንደሬ አይደል እንዴ!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

እኔ ከኋላ «ከኤቲፒ፣ ከሴሉ ነዳጅ ነው፤ ቆሎው እሱ ነበር፤ ያለ ጉልበት የሚገፋ የለም» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው በእንግዳ ፊት?» አለኝ።

አዘዞ ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ነገ ቢሮው እሄዳለሁ። ከእንግዲህ የለፋሁበትን ሌላው የራሱ ሲያደርገው፣ እንግዳ አለ ብዬ ዝም አልልም።