የወንዛችንን ስም ለፍራሽ ኩባንያ ስለሰጡልን

ለክቡር የኢንተርኔት አድራሻ ስሞች ድልድል ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት፣ በሚሽከረከረው ወንበርዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? የሰውን አቤቱታ ሳያነቡ ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ማሸጋገር ጎንበስ ቀና ያበዛልና ወገብዎን ያጽናልዎት። እኛ የወንዙ ዳር ሰዎች ደህና ነን፤ እግሩ ከተሰበረው በስተቀር። እሱ ጋ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

እኔ ከድልድዩ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ስልክ የምጠግን፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ አንዴም ያልጨረስኩ፣ ሰፈሩ «ቀልደኛው»፣ እናቴ «ነገር ፈላጊው» የምትለኝ ዜጋ ነኝ። የወንዛችንን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠራውም። እንዳይቀየሙኝ፤ የፍራሽ ኩባንያው ጠበቃ ስሙን ያለ ፈቃድ በጽሑፍ መጠቀም እንደሚያስጠይቅ በማኅተም ስላሳወቀኝ ነው። እናቱ ስም ያወጣችለት ልጅ «ና» ተብሎ እንዳይጠራ የተከለከለ ያህል ነውና፣ ከዛሬ ጀምሮ «ያ ውሃ» እያልን እንግባባለን።

ክቡርነትዎ ያልተነገረዎት እንደሆነ፣ ያ ውሃ በስሙ አንዲት የኢንተርኔት ገጽ ነበረችው። የሠራኋት እኔ ነኝ፤ መልኳም እንደ ሠሪዋ አያምርም ነበር። አክስቴ በየማለዳው ወደ ልብስ ማጠቢያው ትወርድና ከድንጋዩ ደረጃዎች ስንቱ በውሃ እንደተሸፈነ ቆጥራ ትነግረኛለች፤ እኔም ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሁለት ደረጃ ከተሸፈነ ታች ያሉት፣ ሙላቱ ዘግይቶ ድንገት የሚደርስባቸው አሸዋ አውጪዎች ወርደው ይሠራሉ፤ አራት ከተሸፈነ ዳር ቆመው ያያሉ፤ አምስት ከሆነ ቤታቸው ይውላሉ። አሸዋ አውጪዎቹ ከየአገሩ የሚመጡ፣ ዛሬ ያየናቸውን ነገ የማናያቸው ናቸውና ለእያንዳንዱ ስልክ እየደወልን አንዘልቀውም። ያቺን ገጽ ግን ሁሉም ያውቃታል። ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ መመሪያዎ በቁጥር ይሁን ስለሚል እንጂ እኔ ከደረጃዎቹ ቁጥር ሌላ ቁጥር አልወድም።

አንደኛ። ኩባንያው ስሙ የእኔ ነው ብሎ ሲያመለክት፣ እኛም ተቃውሟችንን በሃያ አንድ ቀን ውስጥ እንድናቀርብ ስለፈቀዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የላኩልን ቅጽ «ስሙን መጠቀም የጀመሩበት ቀን» የሚል ጥያቄ ነበረው። እኔ የሆነ ቀን ጽፈን እንገላገል ብዬ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን የሚማልበት ወረቀት ላይ ውሸት አይጻፍም ብለው ተቆጡኝ፤ ከዚያም አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲከራከሩ ከረሙ። አንዱ ከአያቱ ቀደም ብሎ ነው ሲል፣ ጀልባ ቀዛፊው አዛውንት «አያትህማ ትናንት አይደለም እንዴ የሞተው፣ እኔ ነኝ ያሻገርኩት!» ይሉታል። በሃያኛው ቀን «ከማናውቀው ዘመን ጀምሮ» ብለን እንድንጽፍ ተስማሙ። ቅጽዎ ደግሞ ፊደል አይቀበልም፤ ቁጥር ብቻ! ሁሉንም ዜሮ ሞላሁት፤ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» አለኝ። በሃያ አንደኛው ቀን ባዶውን ላክነው። ኩባንያው ግን ስሙን የጀመረበትን ቀን፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከነሰዓቱ ጽፎ ነበርና፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ቀን ያቀረበው አንድ ወገን ብቻ በመሆኑ» ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ያ ውሃ ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ባለመዋሸታቸው ስለተቀጡ ከእርስዎ ትልቅ ትምህርት አግኝተናል፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተን ነበር፣ ከፍራሽ በታች እንደሚውል ያስተማሩን ግን እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ። በውሳኔዎ ላይ ገጻችን «የፍራሽ ደንበኞችን ልታደናግር ትችላለች» ብለዋል። ስለ ደንበኞቹ ያለዎት ርኅራኄ አስለቅሶናል። ሆኖም ፍራሽ ልገዛ ብሎ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም። የተገላቢጦሹን ግን አይተናል።

ሦስተኛ። ውሳኔው አድራሻው ለኩባንያው የሚተላለፈው ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው ይል ነበር። በአራተኛው ቀን አስተላለፉት። ይህን ያህል ቅልጥፍና በመንግሥት ሥራ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያን ዕለት ማለዳ አክስቴ እያለከለከች መጥታ «አምስት ተሸፍኗል፣ ስድስተኛውን እየላሰው ነው፣ ቶሎ ጻፍ!» አለችኝ። ገጹን ብከፍት የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኬን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሰደብኩት። በዚያች ሰዓት ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚያየው ነጭ አንሶላ ላይ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ያለች ሴት ነበር፤ ከሥሯም «ተረጋግተው ይተኙ» ተጽፏል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። እኔ ያቺን ገጽ አልፎ አልፎ እቀልድባት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ «ውሃው ዛሬ አሞታል፣ ጠያቂ ይፈልጋል» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። እናም የእህቴ ባል፣ ከእነዚያ አሸዋ አውጪዎች አንዱ፣ ፍራሹን አይቶ ስልኩን ለጓደኞቹ እያሳየ «ይሄ ቀልደኛ ዛሬ ደግሞ ፍራሽ አነጠፈልን! ውሃው ተኝቷል ማለቱ ነው፣ ኑ እንውረድ» አላቸው። ስቀው ወረዱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ከዚያ ወዲያ አልተርትም። እየሮጥኩ ስደርስ ወንፊቱም አካፋዎቹም ሄደዋል፤ ሰዎቹ በገመድ ወጥተዋል፤ የእህቴ ባል ግን እግሩ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ገብቶ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ይኸው እስከ ዛሬ በጄሶ ተጠቅልሎ የተኛው ፍራሽ ላይ ነው። አልተረጋጋም እንጂ። እህቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንተና ቀልድህ» ብላኝ ፊቷን አዞረች። ካናገረችኝ ሁለት ሳምንት ሆናት።

አራተኛ። አደጋውን ባመለከትን ጊዜ «ጉዳያችሁን ተረድተናል፤ ከስሙ ጎን ቁጥር ጨምራችሁ አዲስ አድራሻ ማውጣት ትችላላችሁ» የሚል ምክር ልከውልናል። ሁለት ቁጥር ጨምረን አወጣን። በሦስተኛው ቀን ጠበቃው አዘጋው፤ እርስዎም አጸደቁለት። ምክሩ ከአንድ ጽሕፈት ቤት፣ እገዳው ከዚያው ጽሕፈት ቤት! ምናልባት ወንዙ ራሱ ሌላ ስም እንዲመርጥ ታስቦ ይሆን? ወርደን ነግረነው ነበር፤ እንደ እርስዎ ሳይሰማን አለፈን።

አሁን ይግባኛችን በስድስት ወር ውስጥ እንደሚታይ ጽፈውልናል። ትዕግሥትዎን እናደንቃለን። ዋናው ዝናብ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይገባል፤ እሱ ቀጠሮ አይቀበልም። በየቀኑ አዳዲስ ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው «ተረጋግተው ይተኙ» እያነበቡ ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። መታጠፊያው ላይ ሰሌዳ አቁመን በከሰል ብንጽፍም ዝናብ ያጥበዋል። ስሙን ኩባንያው ይውሰደው፣ አንሶላው ላይ ይጥለፈው፣ ትራሱ ውስጥ ይጠቅጥቀው፤ እንችለዋለን። የምንለምነው ከዚያች ከተኛችው ሴትዮ ራስጌ ለአንድ ቁጥር የሚሆን ቦታ ነው። ይህንኑ ለኩባንያው ጽፈን «ቁጥሩ የምርቱን የእረፍት መንፈስ ያውካል» ብሎናል።

በመጨረሻም፣ ስለ ፈጣን ዝውውሩ፣ ፊደል ስለማያነበው ቅጽዎ፣ ስለ ምክርዎና ምክርዎን ስለ ሻሩበት ፊርማ፣ የአሸዋ አውጪዎቹ፣ የሽማግሌዎቹና የአንድ ተኩል እግር ባለቤት የሆነው የእህቴ ባል ምስጋና ይድረስዎት። ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ ጣሪያዎ አያፍስስ፣ በስምዎም ማንም ፍራሽ ሳይሸጥበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ያልኩትም ለአክብሮት ሳይሆን ሊያስመልሰኝ ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የያ ውሃ ገጽ ጸሐፊ፣
የአሁኑ የእርስዎ የዘወትር አመልካች

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሥራ ፈትቼ መመሪያዎን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ካንተ ሌላ ያነበበው የለም ብላ አክስቴ ስቃብኛለች። አንቀጽ አርባ አንድ፣ ማንኛውም ግልጽ አቤቱታ በደረሰበት ቅጽበት ሙሉ ቃሉ በጽሕፈት ቤትዎ ገጽ ላይ እንዲወጣ ያዛል። የሚያወጣው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ስብሰባ አይገባም። ስለዚህ ክቡርነትዎን በየማለዳው በአዲስ አቤቱታ አስቸግራለሁ፤ ለአሸዋ አውጪዎቹም ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ገጽ እንዲከፍቱ፣ ስድቡን ዘለው መጨረሻውን ብቻ እንዲያነቡ ተነግሯቸዋል፤ የቆየው ለአዲሱ ያስተላልፋል። የዛሬው ይኸው፦

ስድስት ደረጃ ተሸፍኗል። እየጨመረ ነው። ወንድሞቼ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ እንዳትወርዱ።